የተወቀሰው ቲዩብ

የጊታር አምፕሊፋየር ሲታመም መጀመሪያ የሚወቀሰው ቲዩቡ ነው። ከመስታወት የተሠራ ነው፤ ሲሠራ ይበራል፤ ሲነኩት ያቃጥላል። ከውስጥ ዕቃው ሁሉ ዓይን የሚገባው እሱ ስለሆነ ጥፋት ሲፈለግ ጣት ወደ እሱ ይቀሰራል። በደቡብ ወሎ አቀስታ ከተማ፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ያየሁት አምፕሊፋየርም በዚህ ወቀሳ ያለፈ ነው። ባለቤቱ በሠርግና በበዓል ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው። ድምፁ እየደከመና እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ከአዲስ አበባ አዲስ ቲዩብ አስመጥቶ ቀየረ። ገንዘቡ ወጣ፤ ችግሩ ግን እዚያው ቆየ።

ባለሙያው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ከተማው "ጋሼ" የሚላቸው ሰው ናቸው። መደርደሪያቸው ስልክ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የሶላር መብራትና ሆዳቸው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ይዟል። ወጣቱ ሐሳቡን ነግሯቸው ሲጨርስ፣ "አብሽር ልጄ፤ መጀመሪያ ራሱ ይናገር፣ ከዚያ እንከፍተዋለን" አሉት።

ዕቃው ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቲዩብና ትራንዚስተር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሥራ ተካፍለው ይኖሩበታል። አቀማመጡ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ይህን ሳያውቁ መክፈት ጊዜ ያስበላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሊዮ ፌንደር ከባልደረቦቹ ጋር የነበረበት ሚውዚክ ማን የሠራቸው አምፕሊፋየሮች ከፊት ትራንዚስተር፣ ከኋላ ትላልቅ የኃይል ቲዩቦች ነበሯቸው። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ቫልቭስቴት አደራደሩን ገለበጠው፦ አንድ ትንሽ ቲዩብ ከፊት ለድምፅ ቀለም፣ ትራንዚስተር ከኋላ ለጉልበት። ቮክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ቫልቭትሮኒክስ ብሎ ያመጣው ደግሞ ትንሿን ቲዩብ ከዲጂታል ክፍል ጋር አጣመራት። አቀስታ ያለው ዕቃ የሁለተኛው ዓይነት ነው፦ 40 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ቲዩብ።

ያቺ ቲዩብ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7፣ አውሮፓውያኑ ኢሲሲ83 የሚሏት ናት። ዘጠኝ እግር አላት፤ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ማጉያ ይዛለች። መርኋ ሊ ዴ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ከሠራው ሦስት አካል ያለው ቲዩብ ብዙ አልራቀም። የጋለ ካቶድ ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያለው ፕሌት ይስበዋል፤ በመካከል ያለው ወንፊት ደግሞ በመስኖ ቦይ ላይ እንደቆመ መዝጊያ በጥቂት እንቅስቃሴ ብዙውን ፍሰት ያዛል። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ሲግናል የሚያንቀሳቅሰው ይህንን መዝጊያ ነው። የዚህች ቲዩብ የማጉላት አቅም በቴክኒክ ሰነዷ 100 ተብሎ ይጻፋል፤ ማሞቂያዋ በ6.3 ቮልት 300 ሚሊአምፔር ትጠጣለች። ትራንዚስተሩ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1947 በኋላ፣ ከቤል ላቦራቶሪ ወጥቶ፣ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቀስ በቀስ አስወጣት። የጊታር ሰዎች ግን አልለቀቋትም፤ ስትጨናነቅ ድምፁን በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ ብላ ታጎብጠዋለች፤ ለጆሮ የሚሞቀው ያ ነው።

በእኛም አገር የቲዩብ ዘመን ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ የኖረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሁለቱ ባለ 100 ኪሎዋት ማሠራጫዎች ጉልበታቸውን ያገኙት ከግዙፍ ቲዩቦች ነው። በዚያው ዘመን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አጠገብ የኤሌክትሪክ ጊታር ቦታ ያዘ፤ ከዚያም አይቤክስ፣ ዋልያስ፣ ሮሃ መጡ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን "ኧረ መላ መላ" ያዳመጠ ሰው፣ ጊታር በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደነበረው ያውቃል። የአይቤክሱ ጊታሪስት የሰላም ሥዩም ጣቶች የሚነኩት ክር በአምፕሊፋየር በኩል ካላለፈ ያ ድምፅ አይኖርም። ወደ ወሎ ስንመጣ ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ነበረ፤ በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየአውራጃው ሲቋቋሙ ማይክሮፎንና ሞንታርቦ ወደ ደጋ ወጣ። ከዚያ ለዓመታት የዘለቀው ሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን አዳከመ፤ ኪቦርድ ደግሞ የባንድን ሥራ ብቻውን ጠቀለለው። የጊታር አምፕሊፋየር ሲቀንስ የቲዩብ ጥገና የሚያውቅ እጅም አብሮ ቀነሰ። ለእኔ ከዕቃው መበላሸት የሚብሰው ይህ ነው፤ ዕቃ ከመርካቶ ይመጣል፣ ያወቀ እጅ ግን ተጭኖ አይመጣም።

ጋሼ ሥራውን የጀመሩት ሶኬቱ ላይ ሳይሰኩት ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን አዩ፤ ሦስተኛው የግራውንድ እግር ተቆርጧል። ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ሲሆን ሰው እንዲህ ያደርጋል። ጊታሩን በአንድ እጅ፣ ማይክሮፎኑን በከንፈር የሚነካ ዘፋኝ ግን ግራውንድ በሌለው ዕቃ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገመዱ ተቀየረ። ከዚያ ፊውዙን አወጡ። በቴስተር ለኩት፤ ደኅና ነው፤ መጠኑም ከኋላ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ፓኬት አሉሚኒየም ወረቀት ወይም የመዳብ ክር የተጠቀለለበት ዕቃ ብዙ አለ፤ እንዲህ ያለው ትራንስፎርመሩን ይዞ ይነዳል፤ ትራንስፎርመር ደግሞ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ አሮጌ ባለ ፊላመንት 100 ዋት አምፖል የተገጠመበት ማራዘሚያ አወጡ። አምፖሉ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ መሥመር በተርታ ይገባል። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ የሚነደው አምፖሉ ይሆናል እንጂ ዕቃው አይቃጠልም። ሾርት ከሌለ አንዴ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ጋሼ አሮጌዎቹን በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ብልጭ አለ፤ ደበዘዘ። ወጣቱ እፎይ አለ።

አሁን ዕቃው ይናገራል። ጊታሩ ተሰካ፤ ድምፁ ሩቅ፣ ሻካራ፣ እየመጣ የሚሄድ ነው፤ ከሥሩ እምምታ አለ። ብዙ ሰው እምምታ ሲሰማ "ግራውንድ ነው" ይላል። ጋሼ ግን የወጣቱን ስልክ ተቀብለው የጊታር መቃኛውን ከፈቱና ከስፒከሩ አጠገብ ያዙት። ሶል አለ፤ ከሶል ጥቂት ከፍ ያለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ከገመድ ወይም ከግራውንድ የሚገባ እምምታ በአብዛኛው 50 ኸርዝ ላይ ይቀመጣል። መብራቱ ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር ደግሞ የሞገዱ ሁለት ጎን ስለሚታጠፍ በደንብ ያልተጣራው ትርፍ 100 ይሆናል። ሁለቱም ሶል አካባቢ ናቸው፤ አንዱ ግን ከሌላው ኦክታቭ ይበልጣል። መቃኛው ያሳየው የላይኛውን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከውጭ አልገባም፤ ከውስጥ ካለው የኃይል ክፍል ነው። ክዳኑ ሳይነሳ ይህን ያህል ታወቀ።

ከዚያ የመጣው ለእኔ የዚህ ሙያ ሁሉ እምብርት ነው። ከጀርባው ሴንድ እና ሪተርን የሚባሉ ሁለት የኢፌክት ቀዳዳዎች አሉ። ሴንድ የፕሪአምፑ፣ ማለትም የፊተኛው ክፍል፣ መጨረሻ ነው፤ ሪተርን የፓወር አምፑ፣ ማለትም የኋለኛው ክፍል፣ መጀመሪያ። ጋሼ ጊታሩን ከፊት ነቅለው ሪተርን ላይ ሰኩት። ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ አልተቆራረጠም። በዚህች አንዲት እርምጃ ፓወር አምፑ፣ ስፒከሩና ገመዱ ከተጠርጣሪነት ወጡ። ቀጥለው ጊታሩን ወደ ፊት መለሱና ሴንድን በአጭር ገመድ ከሪተርን ጋር አገናኙት። እነዚህ ቀዳዳዎች ምንም ሳይሰካባቸው ሲቀሩ ድምፁ የሚያልፈው በውስጣቸው ባለች ትንሽ መገናኛ ነው፤ እሷ በአቧራ ስትሸፈን አምፕሊፋየሩ የሞተ ይመስላል። በጥጥና በአልኮል ተጠርጎ የዳነ ብዙ ነው። እዚህ ግን በገመዱም ሲያልፍ ሻካራው ቀጠለ። ጥፋቱ ፕሪአምፑ ውስጥ ነው።

ዕቃው ተነቅሎ ተከፈተ። ጋሼ ለወጣቱ ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩት ዋናዎቹን ካፓሲተሮች ነው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ለቲዩቡ በተመደበው መሥመር ላይ ቴስተሩ ከመቶ ቮልት በላይ አነበበ። በሬዚስተር በኩል ቀስ ብለው አፈሰሱት፤ ዜሮ እስኪጠጋ ጠበቁ። በካቻቪቴ ማጋጨት የሚወዱ አሉ፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። በርቶ በሚለካበት ጊዜ ደግሞ ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። መብራት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ልብን አቋርጦ ስለሚሄድ፣ አንድ እጅን ከሥራ ማስወጣት ቀላሉ መከላከያ ነው።

ቦርዱ ላይ ሁለት ቦታ ቡናማ ሆኗል። አንዱ በቲዩቡ መቆሚያ ዙሪያ፣ ሌላው ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን የተኙበት። ዕቃው ሲበራ ጋሼ በደረቅ ቀጭን እንጨት ቦርዱን ቀስ ብለው ነካ ነካ ያደርጉ ጀመር። እንጨቱ መቆሚያው አጠገብ ሲደርስ የቲዩቡ ብርቱካናማ ብርሃን ጠፋ፤ እንደገና ሲነኩት መጣ።

"ይኸው፤ ቲዩቡ ነው አላልኩም?" አለ ወጣቱ።

"ቲዩቡ አይደለም ልጄ፤ መቆሚያው ነው" አሉት።

ቦርዱን ገልብጠው በመነጽር አሳዩት። ዘጠነኛው እግር ዙሪያ ሶልደሩ ላይ ጸጉር የመሰለ ክብ ስንጥቅ አለ። ዘጠነኛው እግር ለሁለቱም ማሞቂያዎች የጋራ መመለሻ ስለሆነ እሱ ሲለቅ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የለቀቀው አራተኛው ወይም አምስተኛው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ቲዩብ እየበራ ግማሹ ይጨልም ነበር። አዲስ ቲዩብ ሲገባም ስንጥቁ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ቲዩብ ለመንቀልና ለመትከል የሚደረገው ግፊት ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ወደ ሁለተኛው ቡናማ ቦታ ሄዱ። የፕሪአምፑ ትናንሽ ቺፖች የሚሠሩት በመደመር 15 እና በመቀነስ 15 ቮልት ነው። ቴስተሩ የመደመሩን 15.1 አለ፤ የመቀነሱን 6 ብሎ ይወዛወዛል። አንድ ጎኑ የጎደለው ቺፕ የሞገዱን ግማሽ ይቆርጣል፤ ሻካራው ድምፅ ከዚያ ነው። የ100 ኸርዙ እምምታም ከዚሁ መሥመር ነው፤ ቮልቱን 15 ላይ የሚይዘው ዜነር ዳዮድ በቂ ኃይል ስላልደረሰው ማጣራቱን ትቷል። ጥፋተኛው ዕቃ ውድ አይደለም፤ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር ነው። ከ32 ቮልት መሥመር ተነሥቶ 15 ላይ ለማድረስ 17 ቮልት ይጥላል፤ 36 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ በዚህም ከግማሽ ዋት በላይ ሙቀት ያለማቋረጥ ያፈልቃል። ፋብሪካው አንድ ዋት የሚችል አድርጎ ቦርዱ ላይ አስተኝቶታል። አይቃጠልም፤ የቆመበትን ሶልደር ግን ዓመት ከዓመት ያበስለዋል።

ይህ ጥፋት የትም ይደርሳል፤ ደጋው ግን ያፈጥነዋል ባይ ነኝ። አቀስታ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከምዕራብ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሙቀት የሚሸከም አየር ሲያንስ ከሬዚስተሩ የሚወሰደው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል የሚል ይኖራል፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊት ውርጭ ያደረበት ቦርድ በሠርግ ድንኳን ለሰዓታት ሲግል፣ መዳቡ፣ ሶልደሩና የቦርዱ ፋይበር እኩል አይለጠጡም። በዚህ ላይ የመንገዱ ንዝረት አለ። ጊታሩን ይዞ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ሳይንት የሚሄድ ተጫዋች አምፕሊፋየሩን የሚጭነው ከከረጢትና ከወንበር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ሕግ እርሳስን ከከለከለ በኋላ የተሠሩ ዕቃዎች ሶልደራቸው ደረቅ ይላል፤ ለንዝረት አይመችም። ጄኔሬተሩ ሲነሣና ሲወድቅ የሚሰጠው የተዛባ ቮልቴጅ ተጨምሮበት፣ ስንጥቅ ቢበዛ አይገርምም።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። ጋሼ አሮጌውን ሶልደር በመምጠጫ አወጡ፤ በላዩ ላይ ጨምሮ ማለስለስ ለጊዜው ብቻ ነውና። የእግሮቹን ዝገት ፋቁ፤ ዘጠኙንም የመቆሚያ እግሮች በእርሳስና ቆርቆሮ ቅይጥ በየዱ። ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለው ከ217 ገደማ ይጀምራል። ባለ 470 ኦሙ ሬዚስተር የተገኘው ከመደርደሪያው ነው፤ ከሞተ ቴሌቪዥን ቦርድ፣ ያውም ባለ ሁለት ዋት። ከቦርዱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ተከሉት፤ አየር በሥሩ እንዲያልፍ። ጎረቤቱንም፣ ገና ሳይሰነጠቅ፣ እንዲሁ አደረጉት።

ከስፒከሩ በፊት አንድ ልኬት ቀርቷል። የፓወር አምፑ መውጫ ላይ ቀጥተኛ ቮልት መኖር የለበትም። የኃይል ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ 30 ቮልት ያህል በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይለቅና ጥቅልሉን ያሳርረዋል፤ ስፒከር ቀይሮ ወዲያው ሁለተኛ ስፒከር ያቃጠለ ሰው የዘለለው ይህንን ነው። ንባቡ 12 ሚሊቮልት ሆነ፤ ጤናማ ነው። ስፒከሩም 6.4 ኦም አለ፤ ስምንት ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በቴስተር ስድስት ገደማ ማሳየቱ ልክ ነው።

መቀነስ 15ቱ 14.9 ላይ ቆመ። አሮጌዋ ቲዩብ ተመልሳ ገባች፤ ከአዲሷ ጋር ጆሮ የሚለየው ልዩነት አልነበራትም። ወጣቱ ያወጣው ገንዘብ ቢያሳዝነኝም አዲሷ መለዋወጫ ሆና ትቀመጣለች፤ ያም ዋጋ አለው። በዓለም ላይ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ስሎቫኪያ፣ ሩሲያ ሳራቶቭ፣ ቻይና። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሩሲያ ወደ ውጭ መላክ ስታግድ የአሜሪካ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ደነገጡ። እንዲህ ያለው እጥረት ዋጋው ወደ እኛ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው። ስለዚህም ነው ፍለጋው ከመለዋወጫው መቅደም አለበት የምለው፤ በተለይ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አገር። መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ በየወረዳውም የቴክኒክና ሙያ ተማሪ አለ። ጋሼ በእንጨትና በስልክ መቃኛ የሚያደርጉትን ጽፎ የሚያስቀር ተማሪ ቢመጣላቸው ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ወጣቱ አምባሰል ሞከረ። ድምፁ ሲሞላ ጋሼ የቲዩቡን ጌይን ወደ ታች መለሱለት፤ እኔም እስማማለሁ። ሁለት ድምፆች በአንድ ላይ ሲጨናነቁ አምፕሊፋየሩ ድምራቸውንና ልዩነታቸውን ይወልዳል። ዶና ሶል ሲመቱ ንዝረታቸው 2 ለ 3 ስለሆነ የሚወለደው ይገጥማል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ከመነሻቸው አጠገብ ግማሽ ድምፅ አላቸው፤ 220 እና 233 ኸርዝ አንድ ላይ ሲጨናነቁ ልዩነታቸው 13 ኸርዝ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ብቻ ይሆናል። የሮክ ጊታር የሚወደው መጨናነቅ የወሎን ቅኝት ያጠፋዋል። አንዲት ቲዩብ ለሙቀት፣ ንጹሕ ትራንዚስተር ለጉልበት ያለው ሃይብሪድ በልኩ ከተያዘ ለዚህ ሙዚቃ የተመቸ ነው።

ሊሄድ ሲል ወጣቱ፣ "ጋሼ፣ ጓደኛዬ ክራሩ ላይ ፒየዞ ለጥፏል፤ ሚክሰር ላይ ስንሰካው ይቀጥናል። እዚህ ላይ ብሰካው ያቃጥለዋል?" አላቸው።

አያቃጥለውም፤ እንዲያውም ቦታው ይኸው ነው። ፒየዞ ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው። 10 ናኖፋራድ የሆነ ፒየዞ 10 ሺህ ኦም በሆነ የሚክሰር መግቢያ ላይ ሲሰካ ከ1,600 ኸርዝ በታች ያለው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የክራሩ መሠረታዊ ድምፆች ያሉት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። የጊታር መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ኦም ስለሆነ ድንበሩ ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል፤ ሁሉም ያልፋል። ጋሼ ሁለት ነገር ብቻ አሳሰቡት። ገመዱ አጭር ይሁን፤ የክራሩ ቆዳ ደግሞ ወደ ስፒከሩ አይዙር፤ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ እየያዘ ይጮኻልና አምፕሊፋየሩን ከጎን አቁሙት።